«ክለሪክ ካልሆንሽ እናልቃለን» ለተባለችው የኮምቦልቻ ተጫዋች

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ በሺፍት እሠራለሁ። የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ እሁድ እሁድ ደሴ ላይ ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን፣ ዳይስ እየጣሉ በምናብ ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱትን የጠረጴዛ ጨዋታ ሊጀምሩ ነውና እኔንም ጠሩኝ። ጨዋታውን ከሚመራው ዲኤም ሌላ አራት ተጫዋቾች ነን። ሁለቱ ዊዛርድ (አስማተኛ)፣ አንዱ ሮግ (ሌባ መሰል ስውር ተዋጊ) መርጠው ጨርሰዋል። እኔ የፈለግሁት ጋሻና ጎራዴ ይዤ ከፊት መቆም ነበር። እነሱ ግን ‹ሁላችንም አጥቂ ሆነን በረኛ የሌለው ቡድን ሆንን፤ ክለሪክ ሆነሽ ካላከምሽን መጀመሪያው ውጊያ ላይ እናልቃለን› ይሉኛል። ሮጉ ደግሞ ፋይተር (ተዋጊ) ጭንቅላት የማይጠይቅ የጀማሪ ክላስ (የገጸ ባሕርይ ዓይነት) ነው ብሎ ሳቀብኝ። ክለሪክ ለፈጠራ አምላክ የሚያገለግል ሰው መሆኑ ለጨዋታም ቢሆን አልዋጥልኝ ብሏል። የማታ ሺፍት ሲደርሰኝ ደግሞ እሁድ መሄድ አልችልም። የቱን ሮል ልምረጥ? ታንክም (ምት ተቀባይ) ሂለርም (አካሚ) መሆን ይቻላል?»

ምላሽ፦ መጀመሪያ የበረኛውን ነገር እናንሳ። በእግር ኳስ በረኛ የግድ የሆነው ሕጉ ስለሚያስገድድ ነው፤ ያለ በረኛ ጨዋታው አይጀመርም። ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ 12 ክላሶች አሉት፤ ከነዚህ አንዱም የግድ አይደለም። ጓደኞችሽ ይህን እምነት ከየት አመጡት ቢባል፣ አንዱ ምንጭ የጨዋታው የራሱ ታሪክ ነው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የፈጠሩት ይህ ጨዋታ በ1974 ሲታተም ክላሶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ክለሪክ። ሌባው እንኳ የተጨመረው በ1975 ነው። ከሦስቱ በስፔል (በአስማት) የሚያክመው ክለሪክ ብቻ ስለነበር «ማነው ክለሪክ የሚሆነው» የሚለው ጭቅጭቅ ከዚያ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ እናንተ ጋ ደረሰ። የሚያስቀው ግን በዚያ የመጀመሪያ ደንብ ክለሪክ ሌቭል (ደረጃ) 1 ላይ አንድም ስፔል አልነበረውም። ሌላው ምንጭ ተጫዋቾችን ታንክ፣ ሂለር፣ ዳሜጅ (ጉዳት አድራሽ) እያለ የሚከፍለው ቪዲዮ ጌም ነው። እርግጥ ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ራሱ በ2008ቱ አራተኛ እትም ክላሶቹን በአራት ሮል በይፋ መድቧቸው ነበር። በ2014ቱ አምስተኛ እትም ግን ምደባው ቀርቷል።

ስለዚህ ክላስና ሮል አንድ አይደሉም። ክላስ ወረቀትሽ ላይ የሚጻፈው ነው፤ ሮል ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የምትሠሪው ሥራ። አንድ ሥራ ለሦስት ሰው ሊከፋፈል ይችላል፣ አንድ ክላስም ሦስት ሥራ ሊሸፍን ይችላል። ቡድናችሁ መጠየቅ የነበረበት «ክለሪክ ማነው?» ብሎ አይደለም፤ «የወደቀ ሰው ሲኖር ማን ማን ሊያነሣው ይችላል?» ብሎ ነው። በነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ልዩነት ቀላል እንዳይመስልሽ፤ በቁጥር ላሳይሽ።

ሌቭል 1 ላይ ያለ ክለሪክ እስኪተኛና እስኪነሣ ድረስ ያለው የስፔል ስሎት (ስፔል የመጠቀሚያ ዕድል) ሁለት ብቻ ነው። ኪዩር ዉንድስ የሚባለው የማከሚያ ስፔል በ2014ቱ ደንብ ባለ 8 ጎን ዳይስ ተጥሎ የዊዝደም (የጥበብ ነጥብ) ጭማሪ ይደረግበታል። ጭማሪው 3 ከሆነ በአማካይ 7 ተኩል ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) ይመልሳል። አሁን አራት ጎብሊኖች (ትንንሽ ጭራቆች) ከቁጥቋጦ ወጡ እንበል። ጎብሊን ባለ 20 ጎኑን ዳይስ ጥሎ 4 ይደምራል። የዊዛርዱ አርመር ክላስ (እሱን ለመምታት መድረስ ያለበት ቁጥር) 12 ከሆነ ዳይሱ 8 ወይም ከዚያ በላይ በወጣ ቁጥር ይመታዋል፤ ይኸውም ከ20ው ቁጥር 13ቱ፣ 65 በመቶ ነው። አንድ ምት በአማካይ 5 ተኩል ይወስዳል። አራቱም ዊዛርዱ ላይ ቢረባረቡ በአንድ ዙር 14 ገደማ ይወስዱበታል። ዊዛርዱ ያለው በጠቅላላ 8 ኤችፒ ቢሆን ነው። አንቺ ሙሉ ተራሽን አውጥተሽ 7 ተኩል ትመልሻለሽ፣ እነሱ 14 ይወስዳሉ። ሁለት ጊዜ እንዲህ ካደረግሽ ስሎትሽ አለቀ፤ አንድም ጎብሊን ግን አልሞተም። «እያከምሽን እንዋጋለን» የሚለው እቅድ በዝቅተኛ ሌቭል የማይሠራው ለዚህ ነው።

ሕክምና ዋጋ የሚኖረው ኤችፒ ዜሮ ሲገባ ነው። ዜሮ የገባ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ተራው በደረሰ ቁጥር ባለ 20ውን ይጥላል። 10 እና ከዚያ በላይ ካመጣ አንድ ስኬት ይቆጠርለታል፣ ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ውድቀት። ሦስት ስኬት ቀድሞ ከሞላለት ይረጋጋል፣ ሦስት ውድቀት ከቀደመበት ይሞታል። በወደቀበት ደግሞ ቢመቱት ውድቀቱ ይጨመራል። ነገር ግን በዚህ መሀል አንዲት ኤችፒ ብቻ ብትሰጪው ወዲያው ነቅቶ ይነሣል፤ ተራው ሲደርስም እንደማንም ይዋጋል። ስለዚህ ከውጊያው መሀል የሚያስፈልጋችሁ ቁስል የሚሞላ ሰው ሳይሆን የወደቀውን የሚያነሣ ሰው ነው። ለዚያ ደግሞ ክለሪክ ብቸኛው መንገድ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሌቭል 1 ላይ መውደቅ ብቻ ሳይሆን በአንድ ምት ጭልጥ ብሎ መሞትም አለ። ሰውየውን ዜሮ አድርሶ የተረፈው ጉዳት የሰውየውን ሙሉ ኤችፒ ካከለ ዳይስ የለም፣ አለቀ። ኦገር የሚባለው ግዙፍ ፍጡር በአንድ ምት በአማካይ 13 ይወስዳል። 5 ኤችፒ የቀረው፣ ሙሉው ግን 8 የሆነ ዊዛርድ ይህ ምት ካረፈበት ምንም ሂለር አይመልሰውም። ለዚህ መድኃኒቱ ምቱ ዊዛርዱ ላይ እንዳያርፍ ማድረግ ነው። አንቺ የፈለግሽው ከፊት የመቆም ሥራ ይኸው ነው፤ ከጅምሩ ትክክለኛውን ነገር ነበር የመረጥሽው።

አራቱ ጎብሊኖች ዊዛርዱን ትተው አንቺ ላይ መጡ እንበል። የሰንሰለት ጥሩር ለብሰሽ ጋሻ ከያዝሽ አርመር ክላስሽ 18 ነው። አሁን ለመምታት 14 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋቸዋል፤ 65 በመቶ የነበረው 35 ሆነ። በአንድ ዙር 14 ይወስዱ የነበሩት ወደ 8 ወረዱ፤ አንቺ ደግሞ ያለሽ 12 ኤችፒ ነው። ማንም ስሎት ሳያወጣ ከ6 በላይ ኤችፒ ተረፈ፤ የኪዩር ዉንድስን ያህል ማለት ይቻላል፣ ያውም በየዙሩ።

«ታንክ» የሚለውን ቃል ግን ከጠረጴዛው አንሡት። ቪዲዮ ጌም ውስጥ ታንኩ ጠላትን በአንድ ቁልፍ ወደ ራሱ ይጎትታል። እዚህ ጎብሊኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው፤ ዲኤሙ ከፈለገ ጎብሊኑ አንቺን ዞሮ ዊዛርዱ ጋ ይሄዳል። በእጅሽ ያለው ሁለት ነገር ነው። ጠላት ከአጠገብሽ ተነሥቶ ሲሄድ በዙር አንድ ጊዜ ሪአክሽንሽን (ከተራሽ ውጭ የምታደርጊውን አጸፋ) ተጠቅመሽ ትመችዋለሽ፤ ይህ ያስፈራራል እንጂ አያስቆምም። የሚያስቆመው ቦታ ነው። በር፣ ጠባብ ኮሪደር፣ ድልድይ ላይ ብትቆሚ የሚዞርበት የለውም። ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ዊዛርዶቹ ራሳቸው ርቀው መቆም አለባቸው፤ ያን አንቺ ልትሠሪላቸው አትችዪም።

ፋይተር ጭንቅላት አይጠይቅም የተባለው ከዚህ በኋላ መልስ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። የት ልቁም፣ ማንን ልልቀቅ፣ መቼ ላፈግፍግ የሚለው ውሳኔ በየተራው ያንቺ ነው። ለሳቀብሽም ሮግ አንድ ነገር አስታውሺው። የሱ ትልቁ ጉልበት ስኒክ አታክ ነው። ይህን ተጨማሪ ዳይስ የሚያገኘው አድቫንቴጅ (ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን የመውሰድ ዕድል) ሲኖረው ወይም ሊመታው ካሰበው ጠላት በ5 ጫማ ርቀት ውስጥ ሌላ የጠላቱ ጠላት ሲቆም ነው። ሁለት ዊዛርዶች ጎብሊን አጠገብ ሄደው አይቆሙለትም። አንቺ ከሌለሽ ሮጉ ግማሽ ሮግ ነው።

ታዲያ ፋይተር ሁኚ ልልሽ ነው? አይደለም። ፓላዲን (በመሐላ የታሰረ ባለ ጋሻ ተዋጊ) ሁኚ።

ፋይተር የሚያክመው ራሱን ብቻ ነው። ፓላዲን ግን በጥሩሩም በጋሻውም ከፋይተር አያንስም፤ በዚያ ላይ ከሌቭል 1 ጀምሮ ሌይ ኦን ሃንድስ የሚባል ችሎታ አለው። ይህ ለእያንዳንዱ ሌቭል 5 ኤችፒ የሚይዝ ማከማቻ ነው፤ ሌቭል 1 ላይ 5፣ ሌቭል 4 ላይ 20። ረዥም እረፍት ስታደርጊ ይሞላል። ዋናው ውበቱ እየቆነጠርሽ መስጠት መቻልሽ ነው፤ ለወደቀው አንዲት ኤችፒ ብቻ ሰጥተሽ ታነሺውና አራቱን ለሌላ ታስቀሪያለሽ። ሌቭል 1 ክለሪክ በሁለት ስሎት ሁለት ሰው ሲያነሣ አንቺ በአምስት ኤችፒ አምስት ጊዜ ታነሺያለሽ። ቡድናችሁ ሌላም የጎደለው ነገር አለ፤ ሰው የሚያናግር። ዊዛርዶቹ ነጥባቸውን ኢንተለጀንስ (ብልህነት) ላይ፣ ሮጉ ዴክስተሪቲ (ቅልጥፍና) ላይ ያፈሱታል። ፓላዲን ግን ካሪዝማ (ሰው የመሳብ ችሎታ) ስለሚፈልግ ከንጉሡ ዘበኛም ሆነ ከገበያ ነጋዴ ጋር የመነጋገሩ ሥራ ወዳንቺ ይመጣል። ዝምተኛ ከሆንሽ አብሽሪ፣ «እንዲህ ብዬ አባብለዋለሁ» ብለሽ በአጭሩ ተናግረሽ ዳይስ መጣል ይበቃል።

የእምነቱን ነገር ማንም እንዳያቃልልብሽ። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ጠረጴዛ በሚቀመጥበት በወሎ፣ የፈጠራ አምላክ ስም ጠርቶ መጸለይ የሚከብደው ተጫዋች አንቺ ብቻ አይደለሽም። ዲኤሙ ይህን ማክበር አለበት። ፓላዲን እዚህም ላይ ይቀላል። የ2014ቱ መጽሐፍ ራሱ የፓላዲን ኃይል ከአምላክ የሚመጣውን ያህል ለፍትሕ ከገባው ቃል እንደሚመጣ ይናገራል። የዲቮሽን መሐላ የሚባለው አምስት ነገር ነው የሚጠይቀው፤ እውነተኝነት፣ ጀግንነት፣ ርኅራኄ፣ ክብርና ኃላፊነት። በዚህ ማንም የሚቸገር አይመስለኝም። ለስፔል የሚያስፈልገውን ምልክት ጋሻ ላይ መሳል ስለሚፈቀድ፣ የጦሳን ተራራ ብትስዪበት ደስ ይለኛል።

ድክመቱንም ልንገርሽ። ሌይ ኦን ሃንድስ በ2014ቱ ደንብ ሙሉ አክሽን (የተራሽን ዋና ድርጊት) ይወስዳል፤ በእጅ መንካትም ይጠይቃል። ክለሪክ ሂሊንግ ዎርድ በሚባለው ስፔል ከ60 ጫማ ርቀት ሆኖ፣ በቦነስ አክሽን (ከዋናው ድርጊት ሌላ በሚፈቀድ ትንሽ ድርጊት) የወደቀን ያነሣል። ይህ እውነተኛ ብልጫ ነው፤ ፓላዲን የለውም። ዊዛርዱ ሩቅ ወድቆ ጠላት መሀል ከገባ በሩን ልልቀቅ ወይስ ዊዛርዱን ልተወው የሚል ከባድ ምርጫ ይመጣብሻል። የሰንሰለት ጥሩር ድምፅ ስላለው ከሮጉ ጋር ተደብቀሽ መሄድ አይሆንልሽም። ሌቭል 2 ላይ ስፔልና ዲቫይን ስማይት (ስሎት አውጥቶ ምትን ማጠንከሪያ) ሲመጣ ደግሞ ሁለቱንም ስሎት በስማይት መጨረስ ያምርሻል፤ አንዱን ሁልጊዜ ለኪዩር ዉንድስ አስቀሪ። በዚያው ሌቭል የውጊያ ስልት ስትመርጪ «ፕሮቴክሽን» የሚለው ስም ያማልላል፤ እኔ ግን ዲፌንስን እመርጣለሁ። ፕሮቴክሽን የሚሠራው ጓደኛሽ በ5 ጫማ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው፤ ዊዛርዶችሽ ደግሞ እዚያ ሊገኙ አይገባም። ሪአክሽንሽንም ይበላብሻል። ዲፌንስ ግን 18ቱን 19 አድርጎ ዝም ይላል።

ከሁሉ በላይ የምጠነቀቅልሽ ግን ከደንቡ ውጭ ያለ ነገር ነው። ፓላዲን የመረጠ ሰው የቡድኑ ፖሊስ ይሆንና ሮጉ ኪስ በገባ ቁጥር ጠብ ይነሣል። ከመጀመሪያው እሁድ በፊት ከሮጉ ጋር ተነጋገሩ፤ ከድሃ አይሰርቅም፣ አንቺም የሀብታሙን ካዝና ሲከፍት ጀርባሽን ትሰጪያለሽ፣ ወይ ሌላ የምትስማሙበት። ይህ ሳይወሰን ከተጀመረ ብዙ ጠረጴዛ የሚፈርሰው በጎብሊን ሳይሆን በዚህ ነው።

ወደ ሺፍትሽ ልምጣ፤ ጓደኞችሽ አንድም ያላሰቡበት ይህንን ይመስለኛል። አንዳንድ እሁድ እንደምትቀሪ እየታወቀ ብቸኛዋ አካሚ አንቺ እንድትሆኚ መፈለጋቸው ስሌት አይደለም። (መጨረሻ የመጣውን፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ «አንቺ አክሚን» ማለት የብዙ ጠረጴዛ አመል ነው።) ፓላዲን ብትሆኚም ይህ ችግር በራሱ አይፈታም። መፍትሔው የማንሣቱን ሥራ ለአራታችሁም ማከፋፈል ነው። ሂለርስ ኪት የሚባለው የሕክምና ቦርሳ በጨዋታው ገንዘብ 5 ወርቅ ነው፤ 10 ጊዜ ያገለግላል። ማንም ሰው ያለ ምንም ዳይስ በአንድ አክሽን የወደቀን ያረጋጋበታል። አያስነሣም፣ ከሞት ግን ያድናል። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ይግዙ። 50 ወርቅ የሚያወጣውን የፈውስ መድኃኒት በሌቭል 1 ገንዘብ አትደርሱበትም፤ መጀመሪያ የምታገኙት ወርቅ ግን ለሱ ይሁን እንጂ ለጌጠኛ ጎራዴ አይሁን።

በምትቀሪበት እሁድ ካራክተርሽን ሌላ ሰው እንዲያንቀሳቅስልሽ አልመክርም። ሁለት ወረቀት የያዘ ተጫዋች የራሱን ዊዛርድ አትርፎ ያንቺን ፓላዲን ወደ እሳት ይሰዳል፤ ክፋት ኖሮበት አይደለም፣ የሰው ባሕርይ ነው። ከታሪኩ ወጣ ትበል፤ መልእክት አድርሺ ተብላ ተልካ ይሆናል፣ ወይም ካምፕ ትጠብቃለች። ያን ቀን ዲኤሙ ውጊያውን ቀለል አድርጎ ምርመራና ድርድር ያብዛ። ሌቭል ሁላችሁም እኩል እንድታድጉም ቀድመሽ አስወስኚ፤ በሺፍት የቀረ ሰው በሌቭል ጭምር መቀጣት የለበትም። በምትሄጂበትም እሁድ የማብቂያውን ሰዓት ከመጀመሪያው ተስማሙበት። የመጨረሻው ውጊያ እየተራዘመ አንቺ በጨለማ የሐረጎን ቁልቁለት ለመውረድ ታክሲ የምትፈልጊ ከሆነ የትኛውም ሮል ደስታ አይሰጥሽም።

ዊዛርዶቹ ሁለት መሆናቸው በራሱ ችግር አይደለም፤ ችግር የሚሆነው አንድ ዓይነት ስፔል ከመረጡ ነው። አንዱ እንደ ስሊፕ ያሉ ጠላት የሚያስተኙትን ይያዝ፣ ሌላው ምስጢር የሚፈቱትን። ኋላ አንዱ ከሌላው መጽሐፍ መገልበጥ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ የስፔል ሌቭል 50 ወርቅና ሁለት ሰዓት ያስወጣል።

ዲኤሙ በሆነ ምክንያት ፓላዲን አይሆንም ካለ ፋይተር ሁኚ፤ ሂለርስ ኪቱ የበለጠ አስፈላጊ ይሆናል እንጂ ቡድኑ አያልቅም። ባርድም (ዘፋኝ አስማተኛው) ሂሊንግ ዎርድ አለው፤ ከፊት የሚቆም ግን አይደለምና ላንቺ አይሆንም።

እሁድ ከመሄድሽ በፊት ዲኤሙን የትኛውን መጽሐፍ እንደሚከተል ጠይቂው። እኔ የሰጠሁሽ ቁጥር የ2014ቱ ነው። በ2024ቱ እትም ኪዩር ዉንድስ በሁለት ባለ 8 ጎን ዳይስ ሆኗል፣ ሌይ ኦን ሃንድስም በቦነስ አክሽን ነው፤ ፓላዲንም ስፔል የሚጀምረው ከሌቭል 1 ነው፤ ይህ ሁሉ ምክሬን ያጠነክረዋል እንጂ አይቀይረውም። መጽሐፍ መግዛት የግድ አይደለም። ኤስአርዲ 5.1 የሚባለው የ2014ቱ መሠረታዊ ደንብ ከ2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ ተለቋል፤ 12ቱም ክላሶች አሉበት። የፓላዲኑን ገጾች ብቻ ፎቶ ኮፒ ቤት ብታሳትሚ ይበቃሻል።

ነጥቦችሽን እንዲህ አድርጊ፦ ስትሬንግዝ (ጉልበት) 15፣ ካሪዝማ 14፣ ኮንስቲትዩሽን (የአካል ጽናት) 13፣ ዊዝደም 12፣ ዴክስተሪቲ 10፣ ኢንተለጀንስ 8። በ2014ቱ ደንብ ሂውማን (ሰው) የሚለውን ዘር ከመረጥሽ በሁሉም ላይ 1 ይጨመርልሽና ስትሬንግዝ 16፣ ኮንስቲትዩሽን 14 ይሆናል፤ ቅድም ያልኩሽ 12 ኤችፒ ከዚህ የመጣ ነው። የሚወረወሩትን አምስቱን ጃቭሊን ከመነሻ ዕቃሽ ውስጥ እንዳትተዪ፤ ሩቅ ላለ ጠላት ሌላ መላ የለሽም። መሐላ የሚመረጠው ሌቭል 3 ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ክላሱ ካልተመቸሽ ያለ ቅጣት እንድትቀይሪ ዲኤሙ ከአሁኑ ቃል ይግባልሽ።